እግር ኳስ፣ ወባና የነጋዴው ድርሻ

ነጋዴ ሁሉ እንደሚያውቀው ዕቃ መልካም መሆኑ ብቻ ገበያ አያስገኝለትም። ሸማቹ የዕቃውን መኖር መስማት፣ ጥቅሙን ማመን፣ በፈለገውም ጊዜ በቅርቡ ማግኘት አለበት። ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱ የጐደለ እንደ ሆነ ዕቃው በመጋዘን ውስጥ አቧራ ለብሶ ይቀራል። ይህ የንግድ ሕግ ለአቡጀዲና ለሳሙና ብቻ የሚሠራ አይደለም። የሰውን ሕይወት ከወባ ለሚያድነው ለአልጋ አጎበርም እንደሚሠራ ያለፉት ሃያ ዓመታት በግልጽ አሳይተዋል።

በዚህ ጽሑፍ ለአንባብያን ልናቀርብ ያሰብነው፣ በዓለም ላይ እጅግ የተወደደው ጨዋታ፣ እግር ኳስ፣ በወባ ላይ በተደረገው ዘመቻ እንዴት እንደ ተሰለፈ፣ በዚሁም ሥራ የአስመጪው፣ የላኪውና የባለሱቁ ድርሻ ምን እንደ ነበረና ወደ ፊትም ምን ሊሆን እንደሚገባው ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በኔልስፕሩት ሜዳ

ጃንዋሪ 21 ቀን 2013 በደቡብ አፍሪካ፣ በኔልስፕሩት ከተማ፣ በምቦምቤላ ስታዲየም የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን ከ31 ዓመት በኋላ በአፍሪካ ዋንጫ ሜዳ ላይ ቆመ። ተጋጣሚው ባለፈው ዓመት ዋንጫውን የወሰደው የዛምቢያ ቡድን ነበር። ቡድናችን የፍጹም ቅጣት ምት ስቶ፣ ግብ ጠባቂው በቀይ ካርድ ወጥቶበት፣ አንድ ግብም ተቈጥሮበት ሳለ፣ በዐሥር ሰው ተጋድሎ አዳነ ግርማ ባገባው ግብ አንድ ለአንድ ተለያየ። ያን ቀን በአገራችን ቴሌቪዥን ባለበት ሥፍራ ሁሉ ሕዝቡ ተሰብስቦ እንደ ነበር ያልረሳ ብዙ ነው። ሽማግሌውም ሕፃኑም፣ ባለሀብቱም የቀን ሠራተኛውም ዐይኑ በአንድ ሜዳ ላይ ነበር።

ይህን ያህል ዐይንና ጆሮ በአንድ ሰዓት ወደ አንድ ቦታ ማዘንበሉ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለነጋዴ ማስረዳት አያስፈልግም። የመጠጥ፣ የስልክና የባንክ ኩባንያዎች በሜዳው ዙሪያ ለሚቆመው የማስታወቂያ ሰሌዳ ብዙ ገንዘብ የሚከፍሉት ስለዚሁ ነው። በዚያ ውድድር ግን ከንግድ ማስታወቂያዎች ጐን አንድ ሌላ ማስታወቂያ ነበር። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን «ዩናይትድ አጌንስት ማላሪያ»፣ ማለት «በወባ ላይ በአንድነት» ለተባለው ዘመቻ ውድድሩን ከፍቶለት ነበርና፣ የታወቁ ተጫዋቾች በቴሌቪዥንና በራዲዮ ለሕዝቡ ስለ ወባ ይናገሩ ነበር። ኔልስፕሩት የምትገኝበት የምፑማላንጋ ክፍለ ሀገርም ራሱ በደቡብ አፍሪካ ወባ ከሚገኝባቸው ከሦስቱ ክፍላተ ሀገር አንዱ መሆኑን ስናስብ፣ መልእክቱ ከቦታው ጋራ የተስማማ ነበር ማለት ይቻላል።

ዘመቻው የተጀመረው የ2010 የዓለም ዋንጫ ከመድረሱ አስቀድሞ ነው። የዓለም ዋንጫ በአፍሪካ ምድር ሲደረግ ያ የመጀመሪያው ስለ ነበር፣ የጤና ድርጅቶች፣ የእግር ኳስ ማኅበራት፣ መንግሥታትና የንግድ ኩባንያዎች ተባብረው የዓለም ዐይን ወደ አፍሪካ በተመለሰበት ሰዓት ስለ ወባም እንዲነገር አደረጉ። ለሕዝቡ የቀረበው ትምህርት አጭርና ግልጽ ነበር። ማታ ማታ መድኃኒት በተነከረ አጎበር ውስጥ ተኙ፤ ትኵሳት በተሰማችሁ ጊዜ ሳትዘገዩ ተመርመሩ፤ የታዘዘላችሁን መድኃኒት ሳታቋርጡ ጨርሱ።

የተጫዋች ቃል ስለ ምን ይሰማል?

አንድ የጤና መኰንን ለዓመታት ሲናገረው የኖረውን ቃል አንድ አጥቂ በግማሽ ደቂቃ ሲናገረው ሕዝቡ ለምን ይሰማዋል? አንደኛው ምክንያት ፍቅር ነው። ሁለተኛው ምክንያት ግን የበለጠ ክብደት አለው። ተጫዋቹ ራሱ ከበሽታው ነፃ አይደለም።

የኮትዲቯሩ ዲዲየር ድሮግባ የዘመቻው ደጋፊ ከሆኑት ታላላቅ ተጫዋቾች አንዱ ነው። በኖቬምበር 2010 እርሱ ራሱ በወባ መያዙን ይጫወትበት የነበረው የቸልሲ ክለብ አስታወቀ። ከዚያ በፊት በነበሩት ሳምንቶች ጕልበቱ ለምን እንደ ደከመ ለተመልካቹ የተገለጸው ያን ጊዜ ነው። በ2021ም የጋቦኑ ፒየር ኤመሪክ ኦባሜያንግ ለብሔራዊ ቡድኑ ተጫውቶ ወደ ክለቡ ከተመለሰ በኋላ በወባ ታሞ ሆስፒታል ተኝቶ ታክሟል። በዓለም የታወቁ ሐኪሞች በአጠገባቸው ያሉ፣ ሰውነታቸው እንደ ብረት የጠነከረ ሰዎች በአንዲት ትንኝ ንክሻ ከወደቁ፣ በቈላ የሚኖር ገበሬና ሕፃን ልጁ ምን ያህል የተጋለጡ እንደ ሆኑ ለመረዳት አያስቸግርም።

የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው በ2023 በዓለም ላይ 263 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በወባ ሲታመሙ፣ 597,000 ያህል ሞተዋል። ከሞቱት ከመቶው 95 ያህሉ በአፍሪካ የነበሩ ናቸው። በአፍሪካ ከሞቱትም ከአራት እጅ ሦስቱ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆነ ሕፃናት ነበሩ።

ከመረብ እስከ አጎበር

በእንግሊዝኛ ቋንቋ የግብ መረብና የአልጋ አጎበር የሚጠሩት በአንድ ቃል ነው። በ2006 ሪክ ራይሊ የተባለው አሜሪካዊ የስፖርት ጸሐፊ ይህን የቃል መመሳሰል ይዞ በ«ስፖርትስ ኢለስትሬትድ» መጽሔት ላይ አንድ ጽሑፍ አወጣ። አንባቢዎቹን፣ እናንተ መረብ ባለበት ጨዋታ ሁሉ የምትደሰቱ ሰዎች፣ ለአንድ አፍሪካዊ ሕፃን አጎበር መግዣ ዐሥር ዶላር አዋጡ ሲል ለመናቸው። ሕዝቡም ገንዘቡን ስለ ላከ የተባበሩት መንግሥታት ፋውንዴሽን «አጎበር ብቻ» የሚል ትርጕም ያለው ዘመቻ አቋቋመ። የአሜሪካ የቅርጫት ኳስና የእግር ኳስ ሊጎችም ተባባሪ ሆኑ። ዋጋው የታወቀ፣ ጥቅሙ የታየ አንድ ዕቃ ለሸማቹ በቀላል ቃል ሲቀርብለት ሰው እጁን ወደ ኪሱ እንደሚሰድ ይህ ጥሩ ማስረጃ ነው።

በደቡብ አፍሪካ ደግሞ ሥራውን ወደ ሱቅ መደርደሪያ ያወረዱት ነጋዴዎች ናቸው። ናንዶስ የተባለው የዶሮ ጥብስ ምግብ ቤቶች ድርጅት፣ የዘመቻውን ምልክት የያዘ የዶቃ አምባር በምግብ ቤቶቹ ገንዘብ መቀበያ አጠገብ አስቀምጦ ይሸጥ ጀመር። አምባሩን የሚሠሩት በኬፕታውን ዙሪያ የሚኖሩ አረጋውያን ሲሆኑ፣ እነርሱ የእጃቸውን ዋጋ ያገኙበታል። ከሽያጩም የሚገኘው ገንዘብ ከፊሉ ለወባ መከላከያ ይውላል። ምሳውን የበላ ሰው ሒሳቡን ሲከፍል አንድ አምባር ጨምሮ ይገዛል፤ በእጁም ላይ ሲያየው ጓደኛው «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቀዋል። በዚህ ዐይነት አንዲት ትንሽ ዕቃ ገንዘብም ወሬም ታመጣለች። የውድድሩ ወራት ካለፉ በኋላም የአምባሩ ሥራ ቀጥሏል።

ወሬው ከዕቃው ጋራ ካልተገናኘ

ይሁን እንጂ ኳስ የሚያስገኘው ጆሮ ብቻ ነው። ተጫዋቹ «በአጎበር ተኙ» ብሎ ሲናገር የሰማች እናት በማግሥቱ አጎበሩን ከየት ታመጣዋለች? የንግዱ ሰው ድርሻ የሚጀመረው ከዚህ ጥያቄ ላይ ነው።

ታንዛንያ ለዚህ ጥያቄ የሰጠችው መልስ ለባለሱቆች ሁሉ ትምህርት የሚሆን ነው። ከ2004 ጀምሮ በዚያ አገር ነፍሰ ጡር ሴት ለምርመራ ወደ ጤና ጣቢያ ስትሄድ የዋጋ መቀነሻ ወረቀት ይሰጣት ነበር። ወረቀቱን በሰፈሯ ላለው ሱቅ ስታቀርብ፣ ባለሱቁ የተወሰነውን ዋጋ ቀንሶ አጎበሩን ይሰጣታል። እርሱም የሰበሰበውን ወረቀት ለጅምላ አቅራቢው መልሶ በምትኩ ሌላ አጎበር ይወስዳል። በዚህ መንገድ መንግሥት አዲስ መጋዘንና አዲስ መደብር መሥራት ሳያስፈልገው፣ ጨውና ስኳር ወደ ገጠር የሚደርስበት ያው የነጋዴ መንገድ አጎበሩንም አደረሰው። የሥርዓቱ ፍሬ ነገር ባለሱቁ ሳይከስር፣ እናቲቱም ሳትቸገር መገበያየታቸው ነበር።

በዚያው አገር በአሩሻ ከተማ «ኤ ቱ ዜድ» የተባለው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ የጃፓኑ ሱሚቶሞ ኬሚካል የሰጠውን የአሠራር ዘዴ ተቀብሎ ከ2003 ጀምሮ መድኃኒቱ በክሩ ውስጥ የተዋሐደ አጎበር መሥራት ጀመረ። ፋብሪካው በሚሊዮን የሚቈጠር አጎበር ሲያወጣ፣ ለብዙ ሺህ ሠራተኞች፣ ይልቁንም ለሴቶች፣ የእንጀራ ምንጭ ሆኗል። ከእስያ ብቻ ይመጣ የነበረው ዕቃ በአፍሪካ ምድር ሊሠራ እንደሚችልም አስመስክሯል።

የቀረጥ ነገርም አልተረሳም። ኤፕሪል 25 ቀን 2000 የአፍሪካ መሪዎች በናይጄሪያ ዋና ከተማ በአቡጃ ተሰብስበው ባወጡት መግለጫ፣ በአጎበር፣ በፀረ ትንኝ መድኃኒትና በወባ መድኃኒት ላይ የሚጣለውን ቀረጥና ታክስ ለመቀነስ ወይም ለማንሣት ቃል ገብተዋል። የዓለም የወባ ቀን በየዓመቱ ኤፕሪል 25 የሚከበረው ከዚሁ ስብሰባ ተያይዞ ነው። ነጋዴው የዕቃው ዋጋ ሕዝቡ እንዲችለው የሚያሳስብ ቃል ሲናገር ይህን መግለጫ መጥቀስ ይችላል።

የወባ ሒሳብ በንግድ መዝገብ

«ይህ ሁሉ የበጎ አድራጎት ሥራ ነው እንጂ ለንግዴ ምን ይረባኛል?» የሚል አንባቢ ቢኖር በሞዛምቢክ የሆነውን ያስተውል። በ1990ዎቹ መጨረሻ በማፑቶ አጠገብ ሞዛል የተባለው ታላቅ የአሉሚኒየም ፋብሪካ ሲሠራ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ 7,000 የሚጠጋ የወባ ሕመም በሠራተኞች ላይ ደርሶ፣ ከውጭ አገር የመጡ 13 ሠራተኞች ሞተዋል። ኩባንያው የፋብሪካውን ግቢ ብቻ በመጠበቅ እንደማይድን ስለ ተረዳ፣ ሞዛምቢክ፣ ደቡብ አፍሪካና ስዋዚላንድ በ1999 በሉቦምቦ አካባቢ የጀመሩትን የጋራ የወባ መከላከል ሥራ ደጋፊ ሆነ። በጋናም በኦቡዋሲ የወርቅ ማዕድን የሚያወጣው ኩባንያ ከ2006 ጀምሮ የከተማውን ቤቶች በፀረ ትንኝ መድኃኒት ቢያስረጭ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የወባ ሕመምተኛው ቍጥር ከአራት እጅ ሦስቱ ያህል ቀነሰ። የታመመ ሠራተኛ ደመወዙ ይከፈላል፤ ሥራው ግን አይሠራም። ይህ ኪሣራ በመዝገብ ላይ «ወባ» ተብሎ ስለማይጻፍ ብቻ የለም ማለት አይደለም።

በእግር ኳሱ ዘመቻ ውስጥ የገቡ የአፍሪካ ኩባንያዎችም ይህን ተረድተው፣ በጋናና በታንዛንያ፣ በሌሎችም አገሮች «ከወባ የተጠበቀ ኩባንያ» ለመባል አራት ነገር ለማድረግ ተስማሙ። አንደኛ፣ ሠራተኞቻቸውን ስለ በሽታው ማስተማር። ሁለተኛ፣ ለሠራተኞቹና ለቤተ ሰቦቻቸው አጎበርና ሕክምና ማስገኘት። ሦስተኛ፣ በዕቃቸው መጠቅለያና በማስታወቂያቸው ላይ የወባን መከላከያ ቃል ማተም። አራተኛ፣ ሌሎች ነጋዴዎችና ባለሥልጣኖች ይህንኑ እንዲያደርጉ ማሳሰብ። ከአራቱ አንዱም ታላቅ ካፒታል የሚጠይቅ አይደለም።

ወደ ቤታችን ስንመለስ

በአገራችን የወባ ታሪክ ከባድ ነው። በ1958 በደጋ አፋፍ ባሉ አገሮች ሳይቀር የተነሣው ወረርሽኝ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰዎችን አሳምሞ 150,000 ያህሉን እንደ ገደለ ይገመታል። ከዚያ በኋላ በተደረገው ትግል በሽታው ብዙ ጊዜ ተገትቷል። በ2019 የተመዘገበው ሕመምተኛ አንድ ሚሊዮን አይሞላም ነበር። ነገር ግን ከጃንዋሪ 1 እስከ ኦክቶበር 20 ቀን 2024 ባለው ጊዜ ብቻ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሕመምተኛና 1,157 ሞት እንደ ተመዘገበ የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል። የቀነሰ ጠላት የጠፋ ጠላት እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ምስክር አይገኝም።

ከዚህም በላይ የንግድ ከተሞችን የሚነካ አዲስ ነገር መጥቷል። ከእስያ የመጣችው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለችው ትንኝ በ2012 በጅቡቲ፣ በ2016 በቀብሪ ደሐር ተገኝታለች። በጅቡቲ በ2012 ሕመምተኛው 27 ብቻ የነበረ ሲሆን፣ በ2020 ከ73,000 በላይ ሆኗል። በ2022 በድሬዳዋ የተነሣው ወረርሽኝም ከዚህችው ትንኝ ጋራ የተያያዘ መሆኑ ተረጋግጧል። ይህች ትንኝ እንደ ሌሎቹ ረግረግና ኵሬ ብቻ አትፈልግም። በከተማ ውስጥ ክዳን በሌለው በርሜል፣ በሮቶ፣ ለሕንፃ ሥራ በተጠራቀመ ውሃ ትራባለች። እንግዲህ በመጋዘኑ ጓሮ ክፍት በርሜል ያስቀመጠ ነጋዴ ሳያውቀው ለትንኝ ቤት አከራይ ሆኗል ማለት ነው።

በአገራችን አብዛኛው አጎበር በመንግሥት በኩል በነፃ የሚታደል ስለ ሆነ፣ ባለሱቁ «እኔ ምን እሸጣለሁ?» ሊል ይችላል። ነገር ግን የታደለው አጎበር ሁሉ በአልጋ ላይ አይሰቀልም። በየአገሩ ለዓሣ ማጥመጃ፣ ለአትክልት አጥር፣ ለእህል መሸፈኛ ሲውል የታየ ነው። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው ማሳመን ነው። ለማሳመን ደግሞ ኳስ ጨዋታና ሱቅ ከሁሉ የሚበልጡ ቦታዎች ናቸው።

ጊዜውም ይስማማል። ክረምቱ አልፎ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ወባ ይበረታል። የእግር ኳስ ውድድር ዘመናችንም የሚከፈተው በዚሁ ሰሞን ነው። ስመ ጥር ክለቦች ያሏቸው አርባ ምንጭ፣ ሐዋሳና ድሬዳዋም ወባን የሚያውቁ ከተሞች ናቸው። በዚሁ ወቅት የሰሊጥ መከር ስለሚደርስ ብዙ ሺህ የቀን ሠራተኛ ከደጋ ወደ መተማና ወደ ሑመራ ቈላ ይወርዳል። ወባን ለምዶ የማያውቀው ደገኛ በሜዳ ላይ ሲያድር ለበሽታው ከሁሉ በፊት ይጋለጣል። ሰሊጥ ላኪው ለውጭ ገዢ የገባው ውል የሚፈጸመው በዚህ ሠራተኛ ክንድ መሆኑን ማስታወስ ያሻል።

ስለዚህ የሚቻለውን በአጭሩ እንዘርዝር። የሰፈር ወይም የወረዳ ዋንጫ ወጪ የሚሸፍን ነጋዴ፣ ከድርጅቱ ስም ቀጥሎ አንዲት የወባ መከላከያ ቃል በማሊያው ላይ ያሳትም፤ በዕረፍት ሰዓትም የቡድኑ አምበል ለተመልካቹ ሁለት ደቂቃ እንዲናገር ይጠይቅ። በምሽት ኳስ የሚያሳዩ ቡና ቤቶች ከጨዋታው በፊት የተጠራቀመ ውሃ ይድፉ፣ መስኮታቸውንም በወንፊት ሽቦ ይሸፍኑ። ሰሊጥና ጥጥ ላኪዎች ለመከር ሠራተኛ ከስንቁ ጋራ አጎበር ይስጡ፤ ትኵሳት የያዘውንም ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ይላኩ። አጎበር አስመጪ፣ የዓለም ጤና ድርጅት መርምሮ የተቀበለው ዐይነት መሆኑን ሳያረጋግጥ ትእዛዝ አይስጥ። ደንበኛው ዕቃ ቢያንስ ሃያ ጊዜ ታጥቦ፣ ሦስት ዓመትም አገልግሎ ትንኝ መግደል ይኖርበታል። የቀድሞውን መድኃኒት የለመደች ትንኝ በበዛችበት አገር ሁለት ዐይነት መድኃኒት የተነከረበት አጎበር የተሻለ መሆኑም ታውቋል። የመድኃኒት ነጋዴም ቢሆን ምንጩ ያልታወቀ የወባ ክኒን ከመሸጥ ይጠበቅ፤ ሐሰተኛ ክኒን የሸጠ ሰው ገንዘብ የተቀበለው በነፍስ ምትክ ነውና።

የኳስ ዘመቻ አንድ ድክመት አለው። የዳኛው ፊሽካ ተነፍቶ ሕዝቡ ወደ ቤቱ ሲመለስ ወሬው ይበርዳል። የዓለም ዋንጫ በየአራት ዓመቱ፣ የአፍሪካ ዋንጫም በየተወሰነው ጊዜ ይመጣሉ። ትንኝዋ ግን በየማታው ትመጣለች። በሁለቱ መካከል ያለውን ባዶ ጊዜ ሊሞላ የሚችለው በሩን በየማለዳው የሚከፍት፣ ደንበኛውን በስሙ የሚያውቅ ሰው ነው፤ እርሱም ባለሱቁ ነው።

በኔልስፕሩት ያ ቡድን በዐሥር ሰው እኩል የወጣው እያንዳንዱ ተጫዋች የጐደለውን ሰው ቦታ ለመሸፈን ስለ ሮጠ ነው። አባቶቻችን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንዳሉት፣ ተጫዋቹ በቃሉ፣ ሐኪሙ በዕውቀቱ፣ ነጋዴውም በዕቃውና በታማኝነቱ ቢተባበሩ፣ ከአንበሳ ይልቅ ብዙ ሰው የገደለችውን ትንኝ መግታት ይቻላል። የዘንድሮው ክረምት አልፎ ውድድሩ ሲከፈት፣ ከአባሎቻችን መካከል ሥራውን ቀድሞ የሚጀምር እንደሚኖር ተስፋ እናደርጋለን።